ከሳሽ፦ የቤቱ አቧራ

የካቲት 3 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር ላገኘ፣ አግኝቶም ለማንበብ ለሚደፍር ሁሉ። እኔ ኪዳነወልድ፣ ዕድሜዬ አርባ ስድስት፣ ሥራዬ በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ መጻፍ፣ አድራሻዬ ጀጎል ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ በእማማ ዘይነባ ግቢ ያለችው ክፍል፣ ከዚህ በታች የሰፈረው ሁሉ በሙሉ አእምሮዬ የተጻፈ መሆኑን አረጋግጣለሁ። «በሙሉ አእምሮዬ» የሚለውን ሐረግ ለማግኘት ግን ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ደብተሩን የገዛሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሃያ ዓመት የሰው እሮሮ ስጽፍ ቃል እንደ ባለጉዳይ ደጄ ተሰልፎ ይጠብቀኝ ነበር። አሁን እንደ ምስክር ሆኗል፤ ተጠርቶ አይመጣም፣ ሲመጣም የሚያውቀውን ይክዳል። ዛሬ «ይግባኝ» የሚለው ቃል ጠፋኝ። ይግባኝ የሚጠይቀው ሰውዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ እኔ ብዕሬን ወደ ሰማይ ቀስሬ፣ «ያ… ዳኛው ሲበድል ወደ ሌላ ዳኛ የሚኬድበት ነገር» አልሁት። በሐዘን አየኝና «ይግባኝ ነው ጌታዬ» አለኝ። ማንበብ እንኳ የማይችል ሰው።

በተጨማሪ ይበርደኛል። ከተማው በሸሚዝ ይሄዳል፤ እኔ ሁለት ጋቢ ደርቤ እንደ ተጠቀለለ መዝገብ እቀመጣለሁ። ድምፄ ጎርንኗል። ጸጉሬ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነው። እርጅና ነው ብዬ ወስኛለሁ፤ ውሳኔው ይግባኝ የለውም። (ይኸው፣ አሁን ቃሉ መጣ።)

ስለ ክፍሏ፦ የአባታችንን ቤት አከራይቼ ወደዚህ የገባሁት እህቴ ሮማነወርቅ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ድሬዳዋ ከወረደች በኋላ ነው። ሐረር በርዷት ነው የሄደችው። ምክንያቱ ብርድ ነው። ሌላ ምክንያት የለም።

ጠዋት ጠዋት እማማ ዘይነባ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ይመታሉ፤ ቁጢ ደርሷል ማለት ነው። የቡና ቅጠል ታምሶ፣ ተፈልቶ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት። እሳቸው ከፍ ካለው መደባቸው፣ እኔ ከደጃፉ ሆነን እንጠጣለን።

«አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ ሁለተኛው ስኒ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ወሰንና ስለ ውርስ ሳያነሣ የሚያናግረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

የካቲት 9

በጥድፊያ። ማለት ሌላው ሰው ይጣደፋል፤ እኔ ዘግይቻለሁ። እግሬ አብጦ ጫማዬ እምቢ አለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አንቀላፋሁ። ከጎኔ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ የሚጽፈው እንደሻው፣ ጎረምሳ ነው፣ ለደንበኞቼ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ጋሼን ትንሽ ይጠብቋቸው፤ ቃሉ በእግሩ እየመጣ ነው።»

ሳቁ። ድሮ ቢሆን ነገሩን ከአፉ ሳይጨርስ መልሱን ነበር የማቀምሰው። ማታ ጫማዬን ሳወልቅ መጣልኝ። ጥሩ መልስ ነበር። ለጫማው ነገርሁት።

የካቲት 17

ከጀጎል ወጣ ብላ ካለችው ሶፊ ገበሬው አደም መጣ። ጎረቤቱ ጀማል የወሰኑን ድንጋይ ወደ አደም የጫት ማሳ ሁለት እርምጃ ገፍቶበታል። ጻፍሁለት። ባማረ ጽሕፈት፣ አንድ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። ደስ አለኝ። እጄ ገና ሰው ነው።

የካቲት 19፣ ዓርብ

እጄ ሰው አይደለም።

አደም ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ኪዳነወልድ፣ ድንጋዩን የገፋሁት እኔ ነኝ እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ወረቀትህ ነዋ። ጮክ ብለው አነበቡት። ‹እኔ አደም የጎረቤቴን የጀማልን ወሰን ስለ ገፋሁ ዳኝነት እንዲታይልኝ…› ጀማል አጠገቤ ቆሟል። ወላሂ፣ ሳቅ ሊገድለው ነበር። ዳኛው ራሱን ከሶ የመጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ አሉ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ከሳሹን በተከሳሹ ቦታ፣ ተከሳሹን በከሳሹ ቦታ። ሦስት ጊዜ። በዚያ ባማረ ጽሕፈት።

«ቀጠሮው ከፋሲካችሁ በኋላ ተባለ» አለ አደም፤ «እስከዚያ ጀማል ጫቴን ይቀጥፋል፤ እኔ ደግሞ ራሴን እጠብቃለሁ እንዳላመልጥ።»

እንደሻው የጽሕፈት መኪናውን መምታት አቁሞ ነበር። «ና ወዲህ አባቴ፣ እኔ ላስተካክልልህ» አለው።

አደም ዞሮም አላየው። እኔን ነበር የሚያየኝ። «ፊትህ አብጧል» አለኝ። «ላሜ እንዲህ ዓይኗ አብጦ ሰነፍ ስትሆንብኝ ጨው ሰጥቻት ዳነች። አንተን ግን ሐኪም ይይህ። ያበላሸኸውን አንተው ታቃናዋለህ፤ ሌላ ጸሐፊ አልፈልግም። ሂድና ድነህ ጠብቀኝ።»

ከላሚቱ ቀጥሎ መሆኔ ነው። ብዙ ሰው ይህን ያህል እንኳ ቦታ አልሰጠኝም።

የካቲት 24

ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ቀን። ሆስፒታል ሄድሁ።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አማርኛው «ደህና» እና «አሳይ» ናት። የቀረውን ነርሷ ወይዘሪት ብርነሽ ታስተረጉማለች። የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየ። ምላሴን አየ፤ ያ ከተማውን ሁሉ ያስቸገረ ምላስ ሰሌዳ መስሎ ለስልሷል አሉ። አንገቴን ዳበሰ። ከዚያ ወንበር ላይ አንበርክኮኝ ከኋላ ተረከዜን በትንሽ መዶሻ መታው። እግሬ ተወራጨ፤ ነገር ግን ለመመለስ ጊዜ ወሰደ፣ ነገሩን አስቦበት እንደሚመለስ ሰው። ሐኪሙ ይህን ሲያይ ፈገግ አለ። ሃያ ዓመት ሰው ሳስቅ ኖሬ በተረከዜ ያሳቅሁት የመጀመሪያው ሰው ነው።

ብርነሽ ካርዱን ይዛ ጠየቀችኝ፦ «ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው አለ? የሚደክመው፣ ሁልጊዜ የሚበርደው፣ አንገቱ ያበጠ?»

«የለም።»

«እናት፣ አባት፣ እህት?»

«የለም አልሁሽ።»

በዚህ ወር ፈጥኜ የመለስሁት ጥያቄ ይህ ብቻ ነው።

ደም ተወሰደ። ግማሹ እዚህ ይታያል፤ ግማሹ አዲስ አበባ ይላካል። እኔ አዲስ አበባን ካየሁ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ደሜ ቀደመኝ።

መጋቢት 2፣ ሐሙስ

ፍርዱ ተነበበ። ብርነሽ አስቀምጣ፣ በወረቀት ጀርባ አንገት ስላ አስረዳችኝ። የስዕል ችሎታዋ አያስቀናም፤ ትዕግሥቷ ግን ያስቀናል።

«እዚህ ጉሮሮዎ ላይ አንዲት ዕጢ አለች። ሰውነት በምን ፍጥነት እንዲሠራ የምታዝዘው እሷ ናት። የእርስዎ ሰውነት ባዕድ መስላው ይዋጋታል። ተዳከመች። ስለዚህ ልብም፣ አንጀትም፣ አሳብም ቀስ ይላል፤ ብርዱም ከዚያ ነው።»

«የገዛ ሰውነቴ?»

«የገዛ ሰውነትዎ። ደግሞ ደምዎ ብረት አንሶታል። ጨጓራዎም በዚሁ ጠብ የተነካ ይመስላል፤ አንዱን ቫይታሚን ከምግብ መቀበል አቅቶታል። ድካሙ ከሦስቱም ነው። ዕጢዋን ብቻ ብናክም ብረቱና ቫይታሚኑ ካልሞላ እንደ ደከሙ ይቀራሉ።»

እንግዲህ ጉዳዩ ይህ ነው። ከሳሽ፦ የኪዳነወልድ ሰውነት። ተከሳሽ፦ ከላይ የተጠቀሰው ሰውነት። በአደም ላይ ሰው ያሳቅሁበት ስሕተት በእኔ ውስጥ ስንት ዓመት ሲታይ የኖረ ክስ ኖሯል። ለካ እጄ ያን ቀን የጻፈው የውስጡን ነው።

ትእዛዝ፦ ለዕጢዋ ትንሽ ነጭ ክኒን፤ ለብረቱ ቅባት የመሰለ ልባስ ያለው ክኒን፤ ለቫይታሚኑ በየሳምንቱ እንደ ደም የቀላ መርፌ። ክኒኖቹ በባዶ ሆድ፣ በውኃ። ጉበት፣ ሥጋ፣ እንቁላል።

«ጾም ነው» አልኋት።

«የታመመ ሰው ይፈቀድለታል።»

ይህ እውነት ነው፤ የንስሐ አባቴም ፈቀዱልኝ። እምቢ አልሁ። ባለፉት ዓመታት ሁዳዴን በየጓሮው ሳፈርስ የኖርሁ ሰው ዘንድሮ ሹሮ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። አባ አዩኝና «ልጄ፣ ይህ ጾም የእግዚአብሔር አይመስልም። የማን ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው ከተያዘው ጉዳይ ጋር ግንኙነት የለውም ብዬ ተቃወምሁ።

መጋቢት 5

መድኃኒት ጀመርሁ። ብርነሽ በውኃ አለች። ቁጢ ምንድን ነው? ቅጠል ያለፈበት ውኃ ነው። ሕጉን በሰፊው መተርጎም የሙያዬ ወግ ነው። እማማ ዘይነባ ስኒውን ሲሰጡኝ ሁለቱን ክኒን ወርወር አድርጌ አወራረድሁባቸው።

«ምንድን ነው የምትውጠው?»

«ብረት ነው።»

«ሱብሐነላህ። የቀረህ ሚስማር ነበር።»

መጋቢት 12፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጽጌን አገኘኋት፤ በአባታችን ቤት ሳለን የግድግዳ ጎረቤታችን የነበረችው። ሸቀጥ ልታመጣ ድሬዳዋ ትመላለሳለች።

«እህትህን አየኋት» አለችኝ። «የአክስትሽ ልጅ ቤት አይደለሽም ወይ፣ ለምን ተኝተሽ ትውያለሽ ብላት፣ እግሬ አይሸከመኝም አለች። ፊቷ ነፍቷል። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ መውጣት አቅቷት ከታች ቆማ ነው የምታስቀድሰው። በዚያ ሙቀት ነጠላ ላይ ነጠላ ደርባ! አንተማ ስም አውጥተህላት የለ፣ ወይዘሮ ጋደም።»

ስታበቃ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ልማድ ነው።

የሰንበት ከሰዓት ረጅም ነው፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። ለራሴ መዝገብ እንዲሆን ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

በ1954 የፋሲካ ማግሥት ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር። እህቴ ሮማን ያን ዓመት ሁሉ ትደክም ነበር። ወጥ ጥዳ ታንቀላፋለች፤ መጥረጊያ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። «በረደኝ» ትላለች ሰኔ ሳይገባ። ድምፅዋ እንደ ወንድ ጎርንኖ ነበር፤ በዚያም ቀልጄባታለሁ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዘች እሷ ነበረች፤ እኔ ግን ጓዳው ለምን አልተጠረገም እል ነበር። እናም ለእንግዶቹ ማሳቂያ ማመልከቻ ጽፌ፣ ቆሜ፣ በዳኛ ድምፅ አነበብሁ፦

«ከሳሽ፦ የቤቱ አቧራ። ተከሳሽ፦ ወይዘሮ ጋደም። የክሱ ምክንያት፦ እኔ ከሳሽ አቧራ በተከሳሿ ቸልታ ከጣሪያ እስከ ወለል ተንሰራፍቼ ስለምገኝና የሚያነሣኝ ስላጣሁ…»

ሁለት ገጽ ነበር። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጽጌ አለቀሰች በሳቅ። ሮማንም ሳቀች፤ የእንጀራ ሰሐኑን ይዛ፣ በር ላይ ቆማ። እንደ ሳቀች በደንብ አስታውሳለሁ።

በሳምንቱ ሄደች። ብርዱን ፈርታ።

ያ ወረቀት ከጻፍሁት ሁሉ የተሻለው ነበር።

መጋቢት 20

ለውጥ የለም። ክኒን፣ ቁጢ፣ መርፌ፣ ሹሮ። ገጽ ሙሉ ለመጻፍ ቀን ሙሉ። እንደሻው ዛሬ «ጋሼ፣ ወንበሩን ይሸጡልኛል?» አለኝ፤ የቀልድ አስመስሎ። ወንበሩን አየሁት። እውነትም ጥሩ ወንበር ነው።

መጋቢት 24፣ ዓርብ

ከእማማ ዘይነባ ስኒውን ስቀበል የብረቱ ክኒን ከእጄ አምልጦ ውስጡ ገባ። ላወጣው ብል አልያዝ አለኝ። እሳቸው ስለ አረፋ በዓል እያወሩ ስለ ነበር ማቋረጥ ነውር መስሎኝ ዝም ብዬ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ወደ ስኒው ሳይ ቁጢው የለም።

ቀለም ሆኗል።

ሃያ ዓመት ቀለም ውስጥ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አልሳሳትም። ልባሱ ሟሙቶ ጥቁር ደመና ከክኒኑ ተነሥቶ ስኒውን ሞልቶታል። ብዕሬን ከኪሴ አውጥቼ ነክሬ በእጄ መዳፍ ላይ «ይግባኝ» ብዬ ጻፍሁበት። ተነበበ።

እማማ ዘይነባ አጎንብሰው መዳፌን አዩ። «ይህንን ነው እንዴ በሆድህ ስታጠራቅም የከረምከው? ከዚህ ወዲያ ሽንትህን ለፍርድ ቤት ሽጠው።»

መጋቢት 25

ስኒውን በነጠላ ሸፍኜ ሆስፒታል ወሰድሁት። ብርነሽ አየችው፤ ሐኪሙ አየው። ሐኪሙ ረጅም ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?»

«ቅጠሉ ብረቱን አስሮ ይይዘዋል አለ። ሻይም ቡናም እንዲሁ ነው። ብረቱ ታስሮ ገብቶ ታስሮ ይወጣል፤ ደምዎ ዘንድ አይደርስም።» ከዚያ በራሷ አማርኛ ጨመረች፦ «በውኃ አልኩ እኮ አቶ ኪዳነወልድ። ውኃ ማለት ምን የሚያከራክር ነገር አለው?»

አዲስ ትእዛዝ፦ ብረቱ በንጹሕ ውኃ፣ ሎሚ ተጨምቆበት። ቁጢ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ክኒኑ ከተዋጠ ከብዙ ሰዓት በኋላ።

ከአዲስ አበባም መልስ ደርሷል። ደሜ ውስጥ ዕጢዋን የሚዋጋው ነገር ተገኝቷል፤ ክሱ ጸና። ብርነሽ ካርዱን ዘጋች፣ ከዚያ መልሳ ከፈተችው።

«ይህ ነገር ከቤተሰብ ቤተሰብ ይሄዳል። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። እውነት እህት የለዎትም?»

«አለችኝ። ድሬዳዋ ነው የምትኖረው። ደኅና ናት።»

«ስንት ጊዜ አዩዋት በዚህ ዓመት?»

በጣቴ ልቆጥር እጄን አነሣሁ። መዘግየቴን እንደ ተረከዜ አየችው።

«ሳይታከም ሲቆይ ልብ እየዘገየ ይሄዳል» አለች፤ ቀስ ብላ። «አንድ ቀን ተኝተው የማይነቁ አሉ። እኔ አይቻለሁ። ሰነፍ ሲባሉ የኖሩ ናቸው፤ ሲሞቱም ተኝተው ስለሆነ ማንም አይደነቅም።»

ደኅና ናት ብያለሁ። በካርዱ ላይ ጽፋዋለች።

መጋቢት 27

ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተመታ። አልሄድሁም። ደግሞ ተመታ። ሄጄ ከደጃፉ ቆሜ ስለ ሐኪሙ ትእዛዝ ነገርኋቸው። ስኒው ተቀድቶ ነበር።

«እሺ» አሉ። ስኒውን ራሳቸው ጠጡት። የራሳቸውንም ጠጡ።

ጠዋቱ ረጅም ሆነ። ሎሚ እንደዚህ እንደሚጎመዝዝ ረስቼ ነበር።

መጋቢት 28

ከሰዓት በአሥር ሰዓት ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተመታ። እሳቸው ጠዋት ሳይጠጡ ጠብቀውኝ ኖሯል። ራሳቸውን እንዳመማቸው ፊታቸው ይናገራል፤ እሳቸው ግን አልተናገሩም።

«አደርክ?» አሉኝ፣ በአሥር ሰዓት።

ሚያዝያ 4፣ ሰኞ

አረፋ። ጀጎል ሁሉ በግ ነው፤ ሽታው በየመንገዱ ይጣራል። ከእማማ ዘይነባ ግቢ የጉበት ጥብስ ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ ገባ። እኔ የእስላም ቢላ የነካውን አልበላ፣ እሳቸው የእኛን አይበሉ፤ በዚህ ላይ ሁዳዴ ነው። ግድግዳው ላይ አፍንጫዬን አስጠግቼ መቀመጤን ማንም አላየም። ሽታ በየትኛውም መጽሐፍ አልተከለከለም።

ከሰዓት እማማ ዘይነባ አንዲት ቀይ ዶሮ እግሯን አስረው አመጡ። ሕያው ናት። በዓይኗ ትገመግመኛለች።

«ሐኪሙ ጉበት አላለም? የእኛን አትበላ። ይህቺን በበዓልህ ቀን በራስህ እጅ፣ በራስህ አምላክ ስም እረዳት።»

«ገና አሥራ ሦስት ቀን አለ እማማ።»

«እስከዚያ ታወራሃለች» አሉኝ።

ደግሞም ልብ አልሁ፤ ዛሬ ያለ ሁለተኛው ጋቢ ነው የዋልሁት። መቼ እንዳወለቅሁት አላውቅም።

ሚያዝያ 8

ዶሮዋ በንጋት ትጮኻለች። ወንድ ነኝ ብላ ታስባለች መሰል። እንደሻው ዛሬ «ጋሼ፣ ቃሉ ደረሰ ወይ?» አለ። «ደርሷል» አልሁት፤ «በአንተ መኪና በኩል ግን ማለፍ አልቻለም፤ ሁሉንም ማመልከቻ አንድ ዓይነት ስለምትመታው ባለቤቱን መለየት አቃተው።» ባለጉዳዮቹ ሳቁ። እንደሻውም ሳቀ፣ አንገቱን አጎንብሶ።

እንዴት እንደሚስቅ አየሁ። ሮማን በር ላይ እንደዚህ ነበር የሳቀችው።

ሚያዝያ 12፣ የሕማማት ማክሰኞ

ደብዳቤ። አራት ወረቀት ቀደድሁ። የመጀመሪያው «ለክብርት እህቴ፣ ጉዳዩ፦ ስለ ጤንነት» ይላል። ሁለተኛው ቀልድ ነበረበት። ሦስተኛው ሁለት ቀልድ።

ሌላ ችግር አለ። ሮማን ማንበብ አትችልም። ማንበብ ያስተማርኋት እኔ መሆን ነበረብኝ፤ ነገ ዛሬ ስል ሌላ ሰው ሳስቅ ቀረሁ። የምጽፈውን ሁሉ ሰው ጮክ ብሎ ሊያነብላት ነው። ቅር አለኝ፤ ጉዳዬ በማላውቀው ሰው አፍ ሊውል። ከዚያ ነገሩን አሰብሁት። ያኛውንም እኮ ሰው በተሰበሰበበት ነው የሰማችው።

የላክሁት ይህ ነው፦

«ሮማን። ያን ጊዜ ሰነፍ አልነበርሽም። ታመሽ ነበር። በሽታው አሁን እኔንም ይዞኛል፤ ብርዱ፣ እንቅልፉ፣ ድምፁ፣ ሁሉም ያው ነው። ስም አለው፤ መድኃኒትም አለው። እኔን እየተሻለኝ ነው። ሐኪሙ ከቤተሰብ ማን አለ ብሎ ሦስት ጊዜ አስጠየቀኝ፤ የለም፣ ደኅና ናት አልሁ። ስለ አፈርሁ ነው። ሳይታከም መቆየቱ አደጋ አለው፤ እባክሽ ነይ። ያን የአቧራ ወረቀት የጻፍሁ እኔ ነኝ፤ ያነበብሁም እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን የሚያነብልሽ ሰው ጮክ ብሎ፣ ሰው ባለበት ያንብብልሽ። ወንድምሽ ኪዳነወልድ።»

ጽጌ ነገ ትወርዳለች፤ እሷ ትወስደዋለች። አጣጥፌ ስሰጣት «ምን አለበት፣ የሚያስቅ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኋት።

ሚያዝያ 17፣ ፋሲካ

ዶሮዋን አረድሁ። አሥራ ሦስት ቀን አብራኝ የኖረች ብቸኛ ፍጡር ስለ ነበረች ይቅርታ ጠየቅኋት። ጉበቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፤ በቅቤ ጠብሼ ብቻዬን በላሁት። ቤቱ ዛሬ ጸጥ ብሏል።

እማማ ዘይነባ በግድግዳው፦ «በላህ?»

«በላሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተመታ።

ሚያዝያ 25

አደም ዛሬ ከሳሽ ሆነ። አዲሱን ማመልከቻ አራት ጊዜ አነበብሁለት፤ አራቱንም ጊዜ ድንጋዩን የገፋው ጀማል ነው። ዳኛው ወሰኑን የሚያይ ሰው ላኩ። አደም «ላሜ ሰላም ብላሃለች» አለኝ።

ከድሬዳዋ ምንም የለም። ጽጌ ደብዳቤውን በእጇ ሰጥታታለች፤ ከዚያ በኋላ አላየቻትም። አሥራ ሁለት ቀን። ተኝተው የማይነቁ አሉ ብላኝ ነበር ብርነሽ።

ሚያዝያ 27፣ ረቡዕ

መጣ። ድሬዳዋ ያለ አንድ የሙያ ጓደኛዬ የጻፈው ነው፤ በሙያው ወግ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ይበላል፦ «ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፣ እኔ እህትዎ በእግዚአብሔር ቸርነት…» እንዲህ እያለ ሲወርድ ድንገት ብዕሩ ይሰናከልና «እንዳለ ጻፈው ብላ ስላስገደደችኝ» ይላል። ከዚያ በታች ያለው የሮማን ነው፦

«ደብዳቤህን አምስት ሰው ባለበት አስነበብሁት። ማንም አልሳቀም። አንዷማ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስሁም። አሥር ቀን የቆየሁት ልምጣ አልምጣ እያልሁ ነው። ያን ቀን እንዴት እንደሳቅሁ አይተሃል፤ እንግዲህ እንደዚያ መሳቅ ሰልችቶኛል። ወረቀት ከሆነ ደግሞ እኔም ወረቀት አለኝ። ተከሳሿ መልሷን በቃል ለመስጠት ቅዳሜ በአውቶቡስ ትደርሳለች። እስከዚያ ከሳሹ አቧራ ባለበት ይቆይ፤ ማንም እንዳይጠርገው። ጋቢ ይዘህ ውጣ። ሐረር ይበርደኛል።»

በታች በኩል የአውራ ጣቷ አሻራ አለ።

ክፍሌን ዙሪያውን አየሁ። ከሳሹ በሙሉ ክብሩ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል፣ ቀጠሮውን ሊያከብር ተዘጋጅቷል።

ግንቦት 2፣ ሰኞ

ሆስፒታል። ብርነሽ አዲስ ካርድ ከማውጣቷ በፊት የእኔን ከፈተች። መርፌዬ እስኪዘጋጅ ሳይሆን አይቀርም፣ ወይም ሆን ብላ፣ እንደ ገና ጠየቀችኝ፦

«ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው አለ?»

«አለች» አልሁ። «እህቴ። ሮማነወርቅ ትባላለች። ውጭ አግዳሚው ላይ ናት። ደረጃውን ደግፌ ነው ያወጣኋት።»

«ደኅና ናት» የሚለውን ብርነሽ በብዕሯ ሰረዘችው።

ሐኪሙ ዓይኗን አየ፣ አንገቷን ዳበሰ። ከዚያ ወንበሩ ላይ አንበርክኮ ተረከዟን በመዶሻው መታው። እግሯ ተወራጨ፤ እኛም እስኪመለስ ጠበቅን። ከእኔ ይልቅ ዘገየ። ሐኪሙ ዛሬ ፈገግ አላለም፤ ለብርነሽ ብዙ ነገር ነገራት፤ ብርነሽም መልሳ ለሮማን፣ «በጊዜው መጥተዋል» አለቻት።

ሮማን ወንበሩን እንደ ያዘች ወደኔ ዞረች። ፊቷ አብጧል፤ ዓይኗ ግን ያው የድሮው ነው።

«በል እንግዲህ» አለችኝ በጎርናና ድምፅዋ፤ «አሁን ቀልድ።»

መጣልኝ። ወዲያው፣ ሳልጠራው፣ እንደ ድሮው፤ መዳኔን ያወቅሁት በዚያ ነው። ጥሩ ነበር፤ ብርነሽን በእርግጥ ያስቃት ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ውኃ ነበር። አንድ ጉንጭ ጠጥቼ ቀልዱን አብሬ ዋጥሁትና ጋቢውን ደረብሁላት።